ጥንታዊ የግዕዝ ሕትመቶች፤ መለያቸውና ዋጋቸው

መጽሐፍ ባረጀ ቁጥር ዋጋው ከፍ ይላል የሚለው አስተሳሰብ በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ነው። የጥንታውያን መጻሕፍትን ገበያ በቅርብ የሚያውቅ ሰው ግን በዚህ አይስማማም። በ17ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ በብዛት የታተሙት የላቲን የስብከት መጻሕፍት ይህን ያህል ዕድሜ ቢያስቆጥሩም ፈላጊያቸው ጥቂት ነው። አንድ እትም የሚከበረው በቅድሚያ በሚሰጠው የታሪክ ምስክርነት፣ ቀጥሎም በብርቅነቱና በአያያዙ ነው። ለዚህም የግዕዝ ጥንታዊ ሕትመቶች ታሪክ በቂ ማስረጃ ይሆናል።

በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1513 በሮም ከተማ ከማርቼሎ ዚልበር ማተሚያ ቤት የወጣው መዝሙረ ዳዊት ነው (ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አዘጋጁ ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ካህን ሲሆን፣ ቋንቋውን የተማረው በሮም ካገኛቸው ኢትዮጵያውያን ነበር። ይሁን እንጂ ግዕዝን «ከለዳዊ» ብሎ ሰየመው። ስሕተቱም በእርሱ አላበቃም፤ ማሪያኖ ቪቶሪ በ1552 ባሳተመው የግዕዝ ሰዋስው ርእስ ላይ ይኸው ስም ከ«ኢትዮጵያዊ» ጋር ተጣምሮ ይገኛል። ስለዚህ በአሮጌ የአውሮፓ የመጻሕፍት ዝርዝሮች ውስጥ የግዕዝ ሕትመት የሚፈልግ ሰው «ከለዳዊ» በሚለው ሥር መመልከት ይኖርበታል። ፖትከን በ1518 መዝሙሩን በኮሎኝ ዳግመኛ አሳትሟል፤ ይህኛው ዕብራይስጥ፣ ጽርእ፣ ላቲንና ግዕዝ አብረው የቀረቡበት በመሆኑ ከፊተኛው ለመለየት አያስቸግርም።

ከሁሉ ይልቅ ሊተኮርበት የሚገባው ግን የ1548ቱ የሮም ሐዲስ ኪዳን ነው። መዝሙሩ የአንድ አውሮፓዊ ጉጉት ፍሬ ሲሆን፣ ሐዲስ ኪዳኑ የኢትዮጵያውያን ሥራ ነው። አባ ተስፋ ጽዮን የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ነበሩ፤ ገዳማቸው በ1531 በግራኝ አሕመድ ጦር ተቃጥሏል። በሮም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ በሚገኘው የሐበሾች የቅዱስ እስጢፋኖስ ማረፊያ ተቀምጠው፣ ከተንሥአ ወልድና ከዘሥላሴ ጋር በመተባበር፣ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 3ኛ ድጋፍ መጽሐፉን በዶሪኮ ወንድማማቾች ማተሚያ ቤት አሳተሙ። በአገር ቤት ብራናው በነደደበት ትውልድ፣ አንድ ጽሑፍ በብዙ ቅጂ ተባዝቶ እንዲተርፍ ማድረግ ምን ያህል ክብደት እንደነበረው መገመት አያዳግትም።

መጽሐፉ ስለ ራሱ ጉድለት በግልጽ ይናገራል። በእጃቸው የነበረው የሐዋርያት ሥራ የግዕዝ ቅጂ ጎዶሎ ስለነበር የጎደለውን ከላቲንና ከጽርእ ተርጉመው መሙላታቸውን አዘጋጆቹ አልደበቁም። አታሚዎቹ ግዕዝ አያነቡም፣ መነኮሳቱም የማተሚያ ሙያ አያውቁም ነበርና ለፊደል ግድፈቱ አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል። ዛሬ እነዚህ ግድፈቶች የመጽሐፉ መለያ ሆነዋል። በ1657 የተጠናቀቀው የለንደን ባለ ብዙ ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስ የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን የወሰደው ከዚሁ እትም በመሆኑ፣ የሮም ስሕተት ባሕር ተሻግሮ መሄዱን ሊቃውንት በንጽጽር ደርሰውበታል። ገዢውን በተለይ የሚመለከተው ሌላ ነጥብም አለ፤ የጳውሎስ መልእክታት የታተሙት በ1549 በመሆኑ፣ ይህ ክፍል የሌለው ቅጂ ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ጎዶሎ ነው።

አታሚው ከተማውንና ዘመኑን ያሰፈረበት የመጨረሻ ቅጠል ቢጠፋ እንኳ መርማሪው ባዶ እጁን አይቀርም። በእጅ የተሠራ የዚያ ዘመን ወረቀት በብርሃን ፊት ሲያዝ የሽቦ መስመሮችና የወረቀት ሠሪው ምልክት ይታዩበታል። ወረቀቱ አንድ ጊዜ ብቻ ታጥፎ ከሆነ ዋናዎቹ የሽቦ መስመሮች ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ሁለት ጊዜ ከታጠፈ ደግሞ አግድም ይተኛሉ፣ ምልክቱም ጥራዙ እጥፋት ውስጥ ይገባል። የእርሳስ ፊደል ወረቀቱን ስለሚጫን በቅጠሉ ጀርባ ለጣት ይሰማል፤ በፎቶግራፍ የተባዛ ገጽ ግን ልስልስ ነው። የብል ቀዳዳም ይመሰክራል። ብል ቅጠል መርጦ አይዘልምና፣ ቀዳዳው በአንዱ ቅጠል ላይ ተቋርጦ በሚቀጥለው ካለ፣ ያ ቅጠል ከሌላ ቅጂ ተነቅሎ የገባ መሆኑን መጠርጠር ይገባል።

በዋጋ ረገድ ነጋዴና ተመራማሪ ሁልጊዜ አይስማሙም። ነጋዴው ንጹሕ ኅዳግ ይወዳል፤ ለዚህም ሲባል የስንት አንባቢ የእጅ ጽሑፍ በጠራዥ ቢላዋ ተቆርጧል፣ በውሃም ታጥቧል። ይህ ከጥፋት የሚቆጠር ነው። የሉዶልፍም መዝገበ ቃላት እንዲሁ ያከራክራል። የመጀመሪያው እትም በ1661 በለንደን የወጣው በተማሪው በቫንስሌብ ተቆጣጣሪነት ሲሆን፣ ሉዶልፍ በሥራው አልተደሰተም፤ በ1699 በፍራንክፈርት አስፍቶ አሳተመው። ሰብሳቢው ለፊተኛው ገንዘቡን ያወጣል፤ ቋንቋውን የሚያጠናው ለኋለኛው እጁን ይዘረጋል።

በአማርኛም የእትም ነገር ጥንቃቄ ይጠይቃል። የአቡ ሩሚ ትርጉም ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ ሆኖ የታተመው በ1840 ቢሆንም፣ አራቱ ወንጌላት በ1824፣ ሐዲስ ኪዳኑ በ1829 ቀድመው ወጥተዋል። በአገራችን ዓይን የሚያርፈው አብዛኛውን ጊዜ በብራና ላይ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው ወረቀት ከሣጥን ግርጌ ተጥሎ ቢገኝ አያስገርምም። የዘመን አቆጣጠር ልዩነትም ሻጭን ያሳስታል፤ ዓመተ ምሕረትን ሳይለውጥ በዝርዝሩ ያሰፈረ የውጭ ነጋዴ መጽሐፉን በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያስረጀዋል። የአፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ታሪክ በሮም የታተመው በ1900 ዓ.ም.፣ ማለትም በ1908 ነው። ሥራው ጦቢያ የሚለውን ስም ይዞ የወጣው ግን በኋለኛ እትም ነው፤ ስለዚህ ጦቢያ የሚል ሽፋን ያለው ቅጂ የመጀመሪያው እትም ነው ተብሎ ሲቀርብለት፣ ገዢ ገንዘቡን ወደ ኪሱ ቢመልስ ያዋጣዋል።