ከአጭር ሞገድ ወደ ዲጂታል፦ የድምፅ ቅርስ ጉዞ

የኢትዮጵያ ሬዲዮ በክፉ ቀን የተፈተነ ድምፅ ነው። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አገሪቱን በወረረበት ወቅት፣ ከአቃቂ የሬዲዮ ጣቢያ የተላለፈው ቃል የተገፋ ሕዝብን አቤቱታ ለዓለም አሰምቷል። ከድል በኋላ፣ በ1933 ዓ.ም.፣ ሥርጭቱ እንደገና ቀጠለ።

የድምፁ ማጓጓዣ ግን በየዘመኑ ተለዋውጧል። በ1955 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የብሥራተ ወንጌል ጣቢያ፣ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት ጉልበት በነበራቸው ሁለት የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች፣ ከኢትዮጵያ አልፎ በአፍሪካና በእስያ ይሰማ ነበር። በ1969 ዓ.ም. ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። አጭር ሞገድ ከላይኛው ሰማይ እየነጠረ ባሕርና ተራራ ይሻገራል፤ ጥራቱ ግን እንደ ላይኛው ሰማይ ጠባይ ይዋዥቃል። በ1992 ዓ.ም. ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ሸገር ኤፍ ኤም 102.1 ሲመጡ ነገሩ ተገለበጠ፦ ድምፁ ጠራ፣ አድማሱ ግን ጠበበ።

ዲጂታሉ ዘመን ሁለቱን ያስታረቀ ይመስላል። ከአየር ጤና ተነሥቶ ወደ ዓለም ገና በሚያመራ ታክሲ ውስጥ ሾፌሩ ኤፍ ኤም ሲከፍት፣ ከኋላው የተቀመጠው ወጣት ያመለጠውን ዝግጅት ከስልኩ ያዳምጣል። ጣቢያዎቹም በኢንተርኔት፣ በዩቲዩብና በቴሌግራም ባሕር ማዶ ካለው ወገን ይደርሳሉ። ይሁንና ይህ መንገድ የራሱ በረኛ አለው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ ኢንተርኔት ለሳምንታት በተቋረጠ ጊዜ፣ በየቤቱ ያለችው ሬዲዮ አላስፈላጊ ዕቃ አለመሆኗ ታይቷል። የዳታ ሒሳብ መክፈል ለማይችለው ገበሬና ሠራተኛም ሞገዱ ዛሬም ያለ ክፍያ ይደርሰዋል። እንግዲህ አዲሱን መያዝ አሮጌውን መጣል ሊሆን አይገባም።

ከማሰራጫው ይልቅ የሚያሳስበው ግን የተሰራጨው ሀብት ነው። ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ለዚህ ምስክር ነው። ተራኪው ካረፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ድምፁ ከቴፕ ክር ወደ ካሴት፣ ከካሴት ወደ ስልክ ተሸጋግሮ፣ በሕይወቱ ሳለ ያላወቀው ትውልድ ያዳምጠዋል። የዳነው ግን ሕዝብ ስለ ወደደው፣ ከእጅ ወደ እጅ ስለ ተላለፈ ነው። ተወዳጅነት ያላገኘው የገበሬው ዜማ፣ የአዛውንቱ ትረካ፣ የተውኔቱ ልምምድ እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም። የቴፕ ክር በጊዜ ብዛት ይሻግታል፣ ይላላል፤ ማጫወቻውም ከገበያ ይጠፋል።

ወደ ዲጂታል መገልበጥም ብቻውን አይበቃም። የባለ ድምፁ ስም፣ ቀኑና ቦታው ያልተጻፈበት ቅጂ፣ በኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ያለ መቃብር ነው። ስለዚህ ይህ ሥራ የቴክኒሻኑ ብቻ አይደለም፤ ዜማውን የሚለይ ሙዚቀኛ፣ ተውኔቱን የሚያስታውስ ተዋናይ፣ ቃሉን የሚፈታ መምህር ይሻል። እነዚህ አዋቂዎች በሕይወት ሳሉ ክሩ ካልተደመጠ፣ ማሽኑ ቢገኝ እንኳ የሰማውን ድምፅ የማን ነው ብሎ የሚመልስ አይኖርም።