ሰዓት ሠሪዎቹና የዓሣ አጥማጁ ማጠንጠኛ

ሰሞኑን ስለ ፖለቲካው ብዙ ተባብለናል። ዛሬ ስለ አንድ ያልጠበቃችሁት ዕቃ ላውጋችሁ። መጨረሻው ግን ወደምናውቀው ጉዳይ ይመልሰናል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

ባለፈው ዓመት ለሥራ ሐዋሳ ሄጄ አሞራ ገደል ጎራ አልኩ። ከጀልባዎቹ ራቅ ብሎ አንድ ጎልማሳ ዓሣ አጥማጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ የናይሎን ክር በባዶ ሃይላንድ ላይ ይጠመጥማል። አጠገቡ ደግሞ ጥሩ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ተጋድሟል። «ሪል» የሚባለው የክር ማጠንጠኛ ሳይቀር ተገጥሞበታል።

«ይሄ እያለህ በሃይላንድ?» አልኩት።

«ደርቋል ወንድሜ» አለኝ። «አንድ ከውጭ የመጣ እንግዳ ሲሄድ ትቶልኝ ነበር። አንድ ዓመት ያህል ሠራሁበት። ጀልባ የለኝም፤ በእሱ ግን ከዳር ቆሜ መንጠቆውን ሩቅ መወርወር እችል ነበር። አሁን እጀታው አልዞር አለ። የሚሠራው ሰው የለም።»

ለእሱ ነገሩ መዝናኛ አይደለም። ጀልባ ለሌለው ሰው፣ ከዳር ያለው ትንሽ ዓሣና ራቅ ብሎ ያለው ትልቅ ዓሣ ልዩነታቸው የቤት እራት ነው። ማጠንጠኛውን ለምኜ ወደ አዲስ አበባ ይዤው መጣሁ።

የወሰድኩት ድሮ ፒያሳ ወደማውቃቸው አንድ አዛውንት ሰዓት አዳሽ ነው። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው፣ አራት ትንንሽ ብሎኖች ፈትተው ክዳኑን ሲያነሱት ሳቅ አሉ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ሰዓት ነው!»

እኔም እንደ ቀልድ ሰምቼ አለፍኩት። ቤት ገብቼ ታሪኩን ሳገላብጥ ግን ጋሼ ቃል በቃል ልክ ነበሩ።

የክር ማጠንጠኛ ያለው የዓሣ ዘንግ በሥዕል ታይቶ ከሚታወቀው ሁሉ የመጀመሪያው በቻይናዊው ሠዓሊ ማ ዩዋን፣ በ1195 አካባቢ የተሣለው ነው። በሰፊ ሐይቅ ላይ አንድ ሰው በትንሽ ጀልባ ብቻውን ተቀምጦ ያጠምዳል። እንግሊዞች ስለ ማጠንጠኛ በመጽሐፍ መጻፍ የጀመሩት ከዚያ አራት መቶ ዓመት አልፎ፣ በ1650ዎቹ መጀመሪያ ነው። እስከዚያ ድረስ የአውሮፓ አጥማጅ እንደኛ አገር ልጆች ክሩን ዘንጉ ጫፍ ላይ አስሮ የሚጥል ነበር። የክሩ ርዝመት በዘንጉ ይወሰናል። ትልቅ ዓሣ ከያዘ ወይ ክሩ ይበጠሳል ወይ ዘንጉ ይሰበራል።

ዕቃው ረቂቅ መኪና የሆነው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካ፣ ኬንታኪ ውስጥ ነው። ጆርጅ ስናይደር የሚባል ሰዓትና ብር ሠሪ፣ እጀታው አንዴ ሲዞር ክሩ የተጠቀለለበት ጎማ ብዙ ጊዜ እንዲዞር የሚያደርግ ጥርስ ያለው ማጠንጠኛ ሠራ። ከእሱ በኋላ ሙያውን ያሳደጉት ሚክ የሚባሉት ወንድማማቾችም ሰዓት ሠሪዎች ነበሩ። ትንንሽ ጥርሶችን አስተካክሎ መቁረጥ የሚችል እጅ የነበረው ሰዓት ሠሪ ዘንድ ነውና አያስገርምም።

በ1905 ደግሞ እንግሊዝ አገር፣ አልፍሬድ ኢሊንግዎርዝ የሚባል የጨርቃ ጨርቅ ባለ ፋብሪካ ሌላ ዓይነት ማጠንጠኛ የፈጠራ መብት አወጣ። በፋብሪካው ውስጥ ክር ከቆመ ጥቅል በጫፉ በኩል እየተተረተረ ሲወጣ ሲያይ የኖረ ሰው ነው። ጥቅሉ ሳይዞር ክሩ ብቻ ቢወጣስ? አለ። አሞራ ገደል ያገኘሁት ማጠንጠኛ የዚህ ሐሳብ የልጅ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ፋብሪካዎቹ እንሂድ።

በደቡብ ስዊድን፣ ስቨንግስታ በምትባል የወንዝ ዳር ከተማ፣ በ1921 የተቋቋመ አንድ የሰዓት ፋብሪካ ነበር። ዋና ገበያው የታክሲ ዋጋ መቁጠሪያ ሆነ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ስዊድን ባትዋጋም ነዳጅ ጠፋ፤ ታክሲዎቹ ቆሙ። ታክሲ ከሌለ የታክሲ መቁጠሪያ ማን ይገዛል? ፋብሪካው በሩን አልዘጋም። ጥርስ የሚቆርጡትን እነዚያኑ ሠራተኞችና እነዚያኑ መሣሪያዎች ይዞ ወደ ዓሣ ማጥመጃ ማጠንጠኛ ዞረ። በ1952 «አምባሳደር» የተባለውን ቀይ ማጠንጠኛ አወጣ። ዛሬ አቡ ጋርሲያ የሚባለው ስም ሥሩ እዚያ ነው።

ቱልሳ፣ ኦክላሆማ ውስጥ ደግሞ ስሙ «ዜሮ አወር ቦምብ ካምፓኒ» የሆነ ድርጅት ነበር። ለነዳጅ ጉድጓድ ቁፋሮ የሚያገለግል በሰዓት የሚፈነዳ ቦምብ ይሠራል። ገበያው እየቀዘቀዘ ሳለ፣ በ1947 አር ዲ ሀል የሚባል የቴክሳስ ሰው አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። ሰውየው ግሮሰሪ ውስጥ ዕቃ የሚያሽጉ ሠራተኞች ገመድ ከማይዞር ጥቅል እየሳቡ ሲያስሩ አይቶ ነው። ሙያውስ? ገምታችኋል፤ ሰዓት ሠሪ ነበር። የመጀመሪያው ማጠንጠኛ በ1949 ወጣ። በ1956 ድርጅቱ ራሱ ስሙን አሳጥሮ «ዜብኮ» ተባለ። በዓሣ ማጥመጃ ካርቶን ላይ «ቦምብ» የሚል ቃል ለማንም አይመችም።

ጃፓን፣ ሳካይ ከተማ ውስጥም ያው ነው። ሺማኖ በ1921 ሥራ የጀመረው በብስክሌት ጥርስ ነው። የዓሣ ማጥመጃ ክፍሉን የከፈተው በ1970 ነው።

ዘንጉም ቢሆን ከፖለቲካ አላመለጠም። ምርጡ ዘንግ የሚሠራው ከደቡብ ቻይና በሚመጣ ሸምበቆ ነበር። በ1950 የኮሪያ ጦርነት ጊዜ አሜሪካ በቻይና ላይ የንግድ ማዕቀብ ስትጥል ሸምበቆው ተቋረጠ። ማዕቀቡ የላላው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ግን ቀድሞውንም ገበያ የጀመረው የመስታወት ጭረት ዘንግ፣ ፋይበር ግላስ፣ ሜዳውን ያዘ። ከዚያም በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ እንግሊዝ ውስጥ ለአውሮፕላን ሥራ የተጠናው የካርቦን ጭረት መጣ። ክሩም እንዲሁ ነው፤ የሐር ክር ከሥራ በኋላ ካልደረቀ ይበሰብሳል። በ1938 ለዓለም ይፋ የሆነው ናይሎን ያንን ጣጣ አስቀረ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለምንድን ነው? እኛ ኢንዱስትሪ ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው ሕንፃና ማሽን ነው። እነዚህን ፋብሪካዎች ግን ያሻገራቸው ሕንፃው አይደለም። ምርቱ ሞቷል። የታክሲ መቁጠሪያው ፈላጊ አጣ፤ የጉድጓዱ ቦምብ ገበያው ደከመ። የቀረው ጥርስ መቁረጥ፣ ሞላ መግጠም፣ በፀጉር ውፍረት መለካት የሚችል እጅ ነው። እጁ እያለ ምርቱ ይቀየራል። እጁ ከሌለ ግን ምርቱ ቢኖርም አንድ ብሎን ሲላላ ያበቃለታል።

ከጋሼ ጋር ልመለስ። ማጠንጠኛው ውስጥ ያገኙት አሸዋ፣ የጠጠረ ግራሶና ተጠምጥሞ የቀረ የክር ቁራጭ ነው። ጥርሱ ደህና ነበር። ክፍሎቹን አንድ በአንድ ፈትተው፣ በፈቱበት ቅደም ተከተል ነጭ ጨርቅ ላይ ደረደሩ። በነጭ ጋዝ አጠቡና አደረቁ። ለጥርሱ ጥቂት ግራሶ፣ ለኩሽኔታው አንዲት ጠብታ ቀጭን ዘይት ሰጡት። «ዘይት ማብዛት ደግነት አይደለም፤ አሸዋ መጥራት ነው» አሉኝ። ፍሬኑ ውስጥ ያለው ሮንዴላ ግን አልቆ ነበር። መለዋወጫው አዲስ አበባ የለም። ጋሼ መሳቢያቸውን ከፍተው አንድ አሮጌ የሰዓት ማሰሪያ አወጡ፤ ከቆዳው ክብ ቆርጠው ገጠሙት። በጥንቶቹ ማጠንጠኛዎች ውስጥም ቆዳ ይገባ እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው። እሳቸው ይህን አላነበቡም፤ እጃቸው ያውቃል።

ፍሬን ያልኩት ዓሣው ሲጎትት ክሩ ሳይበጠስ በልክ እንዲለቅ የሚያደርገውን ክፍል ነው። ሥራ ሲያልቅ መላላት አለበት፤ ጠብቆ ካደረ ሮንዴላው ይጨፈለቃል፤ ሲፈለግም ይይዛል ወይ ይንሸራተታል። ማጠንጠኛው አሸዋ ላይ አይቀመጥም። በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል እንጂ ውኃ ውስጥ አይነከርም። ናይሎኑ ፀሐይ ላይ አይተውም፤ ፀሐይ ያደክመዋል። ክሩ በሚያልፍባቸው የዘንጉ ቀለበቶች ውስጥ ጥጥ ማሳለፍ ጥሩ ነው። ጥጡን ከያዘው ስንጥቅ አለ፤ ያ ስንጥቅ ነገ ክሩን ይቆርጠዋል። ይኸው ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። «ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» የሚሉት አባቶቻችን ይህንኑ ነው።

ግን አጥማጁን «ለምን አልያዝከውም?» ብዬ ልወቅሰው? ዕቃውን የሰጠው ሰው ደግ ነው። የሰጠው ግን ዘንጉን ብቻ ነው፤ አያያዙን አልነገረውም። የቀድሞው «አምባሳደር» ሲሸጥ መፍቻውና ዘይቱ ከነመለዋወጫው በቆዳ ቦርሳ ውስጥ አብሮት ይመጣ ነበር። ሠሪዎቹ ገዢው አንድ ቀን ዕቃውን እንደሚከፍተው ያውቁ ነበርና።

እኛ አገር የሚገባው የውኃ ፓምፕ፣ የጤና ጣቢያ ማሽን፣ ጄኔሬተር ስንቱ ነው በአንዲት ሮንዴላ ምክንያት መጋዘን ውስጥ አቧራ የሚጠጣው? ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፤ ካሜራ ይመጣል። ሲቆም ማንም አይመጣም። በሰነዱ ላይ የግዢው ዋጋ አለ፤ የጠጋኙ ደመወዝ ግን የለም። የምንገዛው ዕቃ ሁሉ «ማን ይከፍተዋል? በምን ይከፍተዋል?» የሚል ጥያቄ ቢቀድመው ስንት ነገር በዳነ! ጠጋኙን ደግሞ ከመንገድ ዳር የተጣለ ሰው አድርገን ማየት ብናቆም። ጋሼ ያስተማሩት ልጅ የላቸውም። «ሁሉም ሰዓቱን በስልኩ ነው የሚያየው፤ ማን ሊማር ይመጣል?» ይላሉ። ስቨንግስታ ላይ የታክሲ መቁጠሪያው ገበያ ሲያጣ እጁን የሚጠብቅለት ሌላ ሥራ ተፈለገ። እኛ ለጋሼ እጅ ምን ፈለግንለት?

አንድ ነገር አልክድም፤ ሁሉም ነገር አይጠገንም። ዛሬ በርካሽ ከሚሸጡት ማጠንጠኛዎች ውስጥ ጥርሳቸው ፕላስቲክ የሆነ፣ ክዳናቸውም የማይከፈት ሞልቷል። ጋሼም አንዱን አሳይቻቸው «ይሄ እንዲጣል ሆኖ ነው የተሠራ» ብለው መለሱልኝ። ስለዚህ ሙያው ከመጠገን ይጀምር እንጂ በመጠገን አያበቃም፤ ሲገዙ መምረጥም ከሙያው ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ሐዋሳ ተመልሼ ማጠንጠኛውን ሰጠሁት። አዞረው፤ ድምፁን አዳመጠ፤ ፈገግ አለ። ወዲያው ይወረውራል ብዬ ስጠብቅ ገልብጦ ብሎኖቹን መረመረና ጠየቀኝ፤

«እሳቸው በምን ከፈቱት?»

ኪሴ ውስጥ ጋሼ የላኩለት ትንሽ ካቻቢቴ ነበረች። እሷንም ሰጠሁት።

ቸር እንሰንብት።