ተራማጁና አማኙ፦ ከስድስት ኪሎ እስከ አሶሳ

የዩኒቨርሲቲያችን መሪ ቃል ከሐዋርያው ጳውሎስ መልእክት የተወሰደ የግዕዝ ቃል ነው፤ ሁሉን መመርመርን፣ መልካሙን አጥብቆ መያዝን ያዛል። ኮሌጁን ያደራጁትም ካናዳውያን የኢየሱሳውያን ማኅበር አባቶች ነበሩ። እንግዲህ በዚህ ቃል ሥርና በእነዚህ ሰዎች እጅ የተጀመረው ግቢ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ የአገሪቱ የግራ ፖለቲካ መፍለቂያ ሆነ። «ተራማጅ» የሚለው ቃል ከአፋችን በማይጠፋበት በዚያ ዘመን ተራማጅ መሆንና አማኝ መሆን እንደ እሳትና ጭድ ይታዩ ነበር። ዛሬም ስንገናኝና የድሮውን ስናነሳ ይህን የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እኔ ግን ታሪክ ያጠናሁ፣ ኑሮዬን ደግሞ አሶሳ ያደረግሁ ሰው ነኝ፤ እዚያ ሆኜ መዝገቡን ሳገላብጥ ነገሩ እንደተባለው አይደለም።

ተማሪው የተነሣበትን አገር እናስታውስ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 126 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን በመንግሥት የምትደገፍ የአገሪቱ ቤተ ክርስቲያን አድርጎ አጸና። ያው ሕገ መንግሥት ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ሕዝቡ በድምፁ እንዲመርጥ ፈቀደ፤ የመጀመሪያው ምርጫም ከዚያ በኋላ ተደረገ። ፓርቲ የለም፤ ለመወዳደር ደግሞ ንብረት ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ የአሶሳው ሙስሊም ገበሬም የጎጃሙ ክርስቲያን ገበሬም በወረቀት ላይ አንድ አንድ ድምፅ ነበራቸው። ድምፁ እኩል፣ ዜግነቱ ግን እኩል ያልሆነበት አገር ነበር ማለት ነው። ሙስሊሙ በመንግሥት አፍ «በኢትዮጵያ የሚኖር ሙስሊም» ይባል ነበር እንጂ «ኢትዮጵያዊ ሙስሊም» አይባልም ነበር። ልዩነቱ የአንዲት ቃል ነው፤ ክብደቱ ግን የእንግዳና የባለቤት ያህል ነው።

የተማሪው ንቅናቄ በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ ሲወጣ ጥያቄው የመሬት ነበር። ዋለልኝ መኰንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች የጻፈው ጽሑፍ ግን ሃይማኖትንም ከቋንቋ ጎን አስቀምጦ የእኩልነት ማጣት ምልክት አድርጎ ቆጠረው። በዚያ ላይ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎቻችን በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አንድ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ሲያስተምሩ፣ አዲስ አበባ ላይ የማይታየውን ኢትዮጵያ በዓይናቸው አዩት። ተማሪው ሃይማኖትን የተቃወመ መስሎት ብዙ ጊዜ የተቃወመው የሃይማኖትን መበላለጥ ነበር። ሁለቱ ግን ይለያያሉ።

ልዩነቱን ያሳየው ደግሞ ራሱ አማኙ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ እስከዚያ ቀን ካየቻቸው ታላላቅ ሰልፎች አንዱን አስተናገደች። ሙስሊሞች የሃይማኖት እኩልነትን፣ የመንግሥትና የሃይማኖትን መለያየት፣ በዓላቸው የሕዝብ በዓል እንዲሆን፣ የመንግሥት ሥራ ያለ አድልዎ እንዲከፈትላቸው ጠየቁ። ክርስቲያን ተማሪዎችና የከተማው ሰዎች አብረዋቸው ተሰለፉ። እስቲ ጥያቄዎቹን ከተማሪው መፈክሮች ጋር አስተያዩአቸው። መንግሥትና ሃይማኖት ይለያዩ የሚለው የተራማጆች ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄ ነው፤ በዚያች ቀን ያነሱት ግን ሰጋጆች ናቸው። ደርግ ሥልጣን እንደያዘ ሦስቱን የእስልምና በዓላት የሕዝብ በዓል አድርጎ ሲያውጅ ያጸደቀው የእነሱን ጥያቄ ነበር።

በምዕራቡ አገራችን ደግሞ ሌላ መንገድ ነበር። የወለጋው ቦጂ ተወላጅ ቄስ ጉዲና ቱምሳ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሳሉ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1964 ዓ.ም. ለውጭ አጋሮቿ አንድ ደብዳቤ ጻፈች። ጭብጡ የሰው ነፍስና ሥጋ አይነጣጠሉም፣ ስለዚህ የወንጌል ስብከትና የሰው ልማት አይለያዩም የሚል ነበር። ለጭሰኛው አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለ ሰማይ እየሰበከ ስለ መሬቱ ዝም የሚል ሰባኪ ግማሽ ሰው ብቻ ነው የሚያየው ማለት ነውና።

ከዚያ የሆነውን እናውቃለን። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተጀመረ፤ በየካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ተማሪውም ቄሱም የተመኙት ሆነ። ግን ሥልጣኑ ለአራሹም ለመራጩም አልደረሰም። ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወረዱ። ቄስ ጉዲና ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው አልወጡም፤ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ዐሥር ዓመት ታሰሩ። ፓትርያርኩም በዚያው ክረምት ተገደሉ። የተማሪው ንቅናቄ ልጆችም በየመንገዱ ወድቀው ነበር። ተራማጁንና አማኙን አንድ ያደረጋቸው በመጨረሻ መቃብር ሆነ ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን ወደ ድምፅ መስጠት ልምጣ። እኛ ታሪክ የምንጽፍ ሰዎች ምርጫ ስንል ዓይናችን ፓርላማ ላይ ነው የሚያርፈው። ተራው ሰው ግን እጁን አውጥቶ መምረጥን ብዙ ጊዜ የተለማመደው በእምነቱ ቤት ነው። አቡነ ቴዎፍሎስ ፓትርያርክ ሳሉ በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዐዋዲ ምእመኑ ከካህናቱ ጋር በሰበካ ጉባኤ እንዲቀመጥ፣ ተወካዩንም እንዲመርጥ አደረገ። በመካነ ኢየሱስም ምእመኑ ሽማግሌዎቹን ይመርጣል። ገንዘብ የቆጠረ፣ ሒሳብ የጠየቀ፣ የማይሠራውን ሽማግሌ ያወረደ ገበሬ፣ ቀበሌ ሲጠራው «ምርጫ ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ይሄ የእውነት ምርጫ ነው ወይ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው።

ይህ ጥያቄ በግልጽ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። ከአወሊያ ትምህርት ቤት የተነሣው የሙስሊሞች እንቅስቃሴ «ድምፃችን ይሰማ» ብሎ በየጁምዓው ሲሰበሰብ ከዋና ጥያቄዎቹ አንዱ የመጅሊሱ መሪዎች በሙስሊሙ ይመረጡ፣ ምርጫውም በመስጊድ ይሁን የሚል ነበር። መንግሥት ምርጫው በቀበሌ እንዲሆን አደረገ፤ መስከረም 27 ቀን 2005 ዓ.ም. በቀበሌ ተካሄደ። የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴው አባላት አስቀድመው በሐምሌ 2004 ዓ.ም. ታስረው ነበር፤ በ2007 ዓ.ም. እነሱና ሌሎች ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው፤ ኋላ ተፈቱ። በ2012 ዓ.ም. መጅሊሱ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ፤ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ደግሞ የመጅሊስ ምርጫ በመስጊዶች ተካሄደ። አንድ ሰው የድምፅ ሳጥኑ የት ይቀመጥ በሚል ጥያቄ ብቻ ዓመታት ሲታሰር፣ የድምፅን ክብር ከእሱ በላይ ያስተማረን ማን ነው?

የአሶሳ ነገር እንግዲህ እዚህ ጋ ነው የሚገባው። አዲስ አበባ ውስጥ ሸጎሌ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከአሶሳው ገዢ ከሼኽ ሆጀሌ መሆኑን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? አገሩ በ1890 ዓ.ም. በራስ መኰንን ዘመቻ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ገብቶ ወርቁን ለግብር ሲልክ ኖረ፤ ሰዉ ግን ለረጅም ጊዜ በዳር ቀረ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ፤ በአንቀጽ 11 ደግሞ መንግሥትና ሃይማኖት ተለያዩ። የ1966ቱ ሰልፈኛ ጥያቄ በሕግ ተጻፈ ማለት ነው።

በክልሉ ያለው ምርጫ ግን የተደራጀው በብሔር ነው። በ1992ቱ ምርጫ የአካባቢውን ቋንቋ አያውቁም የተባሉ ዕጩዎች ከውድድር ተሰረዙ፤ አቤቱታው ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሄደ፤ ምክር ቤቱ በ1995 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ ዕጩ ማወቅ ያለበት የክልሉን ምክር ቤት የሥራ ቋንቋ ነው አለ። የሥራ ቋንቋው አማርኛ ነውና መንገዱ ተከፈተ። እንግዲህ ሰዉን በድምፅ ሣጥን ፊት የለየው ቋንቋና ብሔር እንጂ ሃይማኖት አልነበረም።

ለምን? ቁጥሩን እንይ። በ1999ኙ ሕዝብ ቆጠራ ከክልሉ 784,345 ሰው ውስጥ 45.4 ከመቶው ሙስሊም፣ 33 ከመቶው ኦርቶዶክስ፣ 13.5 ከመቶው ፕሮቴስታንት፣ 7 ከመቶው የሚያህለው ደግሞ የባህላዊ እምነት ተከታይ ነበር። አንድም እምነት ብቻውን ግማሽ አይሞላም። ከዚህ በላይ ደግሞ እምነቱ የብሔሩን አጥር ይሻገራል። አሶሳ ዙሪያ የበርታው ተወላጅና ከወሎ በሠፈራ የመጣው ገበሬ በምርጫ መዝገብ ላይ የተለያየ ስም ቢይዙም፣ ብዙዎቹ ጁምዓ ላይ ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ። ሺናሻውና አማራው በአንድ ቅዳሴ ያስቀድሳሉ። ስለዚህ በእኛ አገር የእምነት ቤት፣ ምርጫ የሚለያያቸው ሰዎች በየሳምንቱ ሳይጠሩ የሚገናኙበት ቦታ ነው።

ይህ ግን ዋስትና አይደለም። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በመተከል፣ ቡለን ወረዳ፣ በኩጂ ላይ ከመቶ በላይ ሰዎች ተገደሉ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. አገሩ ሲመርጥ መተከል አልመረጠም፤ በክልሉ የቀረው ምርጫ የተካሄደው ሰኔ 16 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፅ ያልነበረው ሰው ነበር ማለት ነው። ምእመን ነበረ፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ነበረ፤ አላቆመውም። የእምነት ቤት ሰውን ያቀራርባል እንጂ የፍትሕን ቦታ አይተካም።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። አማኝ የእኩልነት ጥያቄውን ይዞ ወደ ምርጫ ጣቢያ ሲሄድ ለተራማጅ ፖለቲካ ጉልበት ሆኗል፤ 1966 ምስክር ነው። መንግሥት ወይም ፓርቲ የምርጫ ጥያቄውን ይዞ ወደ እምነት ቤት ሲገባ ግን ሁለቱም ተጎድተዋል፤ 2005 ምስክር ነው። አቅጣጫው ነው ነገሩን የሚወስነው።

ለዛሬዎቹ መምህራንና ለአንጋፋዎቻችን አንድ ልመና አለኝ። በሚያዝያ 12ቱ ሰልፍ ላይ የነበራችሁ፣ በአገልግሎት ወይም በዘመቻ ወደ ምዕራብ የሄዳችሁ፣ በመስጊድ ደጅም ሆነ በሰበካ ጉባኤ ያያችሁትን የምታስታውሱ፣ ዕድሜ ሳይቀድማችሁ ጻፉልን። የታሪክ ትምህርት ክፍሉም ተማሪዎቹን ቴፕ አስይዞ ወደ አሶሳ፣ ወደ ባምባሲ፣ ወደ መተከል ይላክ። የተራማጁ ወገን ታሪክ በብዙ መጻሕፍት ተጽፏል። አብሮት የተሰለፈው አማኝ ግን አብዛኛው ምንም ሳይጽፍ አርጅቷል፤ እሱን የሚጠይቀው ካልተገኘ ታሪካችን በአንድ እግሩ እንደቆመ ይቀራል።