የዋታራሴ ወንዝ ገበሬዎች አቤቱታ

ጅብ ከላይ፣ አህያ ከታች ሆነው ከአንድ ወንዝ ሲጠጡ፣ ጅቡ «ውሃውን ለምን ታደፈርሺብኛለሽ?» ብሎ ቢቈጣት፣ አህያይቱ «አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ» አለችው የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። በተረቱ ውስጥ አህያይቱን የሚያስፈራት ጅቡ እንጂ ውሃው አይደለም። ነገር ግን ከላይ ያለው ራሱ ውሃውን በመርዝ ያበላሸው እንደ ሆነ፣ ከታች ያለው ለማን ይጮኻል? ጩኸቱንስ ማን ይሰማዋል? ይህ ጥያቄ በጃፓን አገር፣ ዋታራሴ በሚባለው ወንዝ ዳርቻ፣ ለብዙ ሺሕ ገበሬዎች የሞትና የሕይወት ጥያቄ ሆኖ ነበርና ታሪካቸውን ለአንባብያን ልናቀርብ ወደድን።

የጃፓን ስም ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን ከጃፓኑ ሕገ መንግሥት ብዙ ነገር መውሰዱ የታወቀ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 ዓ.ም. ያችን አገር ጐብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ አሳትመዋል። እኛም በትምህርት ቤት ሳለን ስለ ጃፓን የተነገረን ስለ ባቡሯ፣ ስለ መርከቧ፣ ስለ ፋብሪካዋ፣ መስኮብንም ድል ስለ ማድረጓ ነበር። ለዚህ ሁሉ የሚሆነው ገንዘብ ከየት እንደ መጣ የጠየቀ ግን ከመካከላችን አልነበረም። (ከእንግዲህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ከገንዘቡ ምንጮች አንዱ መዳብ ነበር። ከቶክዮ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በቶቺጊ አውራጃ ተራሮች መካከል አሺዮ የሚባል የመዳብ ማዕድን አለ። ከ1610 ጀምሮ ሲቈፈር የኖረና አለቀ ተብሎ የተናቀ ስፍራ ሲሆን፣ ፉሩካዋ ኢቺቤይ የተባለ ነጋዴ በ1877 ገዛው። በ1881 እና በ1884 ግን እጅግ ባለጠጋ የሆኑ የመዳብ ሥሮች ተገኙበት። ፉሩካዋም በ1888 ጃርዲን ማቲሰን ለተባለው የእንግሊዝ የንግድ ቤት 19 ሺሕ ቶን መዳብ ሊያቀርብ ተዋዋለ። በ1890 ደግሞ በዚያው ተራራ በውሃ ኀይል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ጣቢያ አቆመ፤ በአገሩ ከነበሩት የዚህ ዐይነት ጣቢያዎች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው።

ከላይ መብራት ያበራው ውሃ ከታች ምን እንደ ሠራ ለመረዳት የማዕድኑን አሠራር ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ድንጋዩ ይወቀጣል፤ በውሃ ይታጠባል፤ መዳብ ያለበት ተለይቶ ወደ ማቅለጫው ምድጃ ሲገባ እጣቢው ወደ ጅረቱ ይደፋል። ከምድጃው የሚወጣው የድኝ ጢስ በተራራው ላይ ያለውን ዛፍ ያደርቃል፤ ከጢሱ የተረፈውንም ዛፍ ለጕድጓዱ ድጋፍና ለማገዶ ሲሉ ይቈርጡታል። ማትሱኪ የተባለችው የተራራ መንደር በዚሁ ጢስ ምክንያት በ1902 መንደርነቷ ቀርቷል። ተራራው በተራቈተ ጊዜ ዝናቡን የሚይዘው ሥር አይኖርምና ጐርፉ በየዓመቱ እየበረታ ይሄዳል። ጐርፉ የሚያመጣው ደለልም የቀድሞው አይደለም። ቀድሞ የዋታራሴ ሙላት ከጫካው የበሰበሰ ቅጠልና ለም አፈር ይዞ ስለሚመጣ ገበሬው ሙላቱን እንደ በረከት ይቈጥረው ነበር። አሁን ግን የሚመጣው መዳብና አርሰኒክ የተቀላቀለበት ዝቃጭ ሆነ። ሩዙ የሚጠጣው በቦይ ነውና፣ ውሃው ወደ እርሻው በሚገባበት አፍ ላይ ያለው ቡቃያ ቀድሞ ይጠወልጋል፤ ከዚያም ጥፋቱ ወደ ውስጥ እየገፋ ይሄዳል። የሐር ትል የሚመገበው የእንጆሪ ዛፍም እንዲሁ ደረቀ። የወንዙ ዓሣ በብዛት መሞቱን በ1885 ጋዜጣ ጽፎ ነበር፤ ይሁን እንጂ ነገሩ ፈጥጦ የወጣው በነሐሴ 1890 ታላቅ ሙላት መጥቶ ዝቃጩን በእርሻው ሁሉ ላይ በበተነው ጊዜ ነው።

ገበሬዎቹ በመጀመሪያ ያደረጉት ነገር የሚያስመሰግናቸው ነው። በስሜት ብቻ አልጮኹም፤ ከእርሻቸው አፈር አፍሰው ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ኮሌጅ ወሰዱና እንዲመረመርላቸው ጠየቁ። ኮዛይ ዮሺናኦ የተባለው መምህርም በ1891 መርምሮ፣ የጥፋቱ ምክንያት መዳብ ነው ሲል መልስ ሰጣቸው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ታናካ ሾዞ የተባለው እንደራሴያቸው ጉዳዩን በምክር ቤት አነሣ። ታናካ በ1841 በዚያው አገር ከመንደር ሹም ቤተ ሰብ የተወለደ፣ በ1890 ለመጀመሪያ ጊዜ በተደረገው ምርጫ የተመረጠ ሰው ነው። የያዘው መሣሪያ በ1889 የወጣው ሕገ መንግሥት ነበር። በ27ኛው አንቀጽ የዜጎች ንብረት አይደፈርም ተብሎ ተጽፏልና፣ «የእነዚህ ሰዎች መሬት ሲደፈር መንግሥት ለምን ዝም አለ?» ብሎ ጠየቀ።

የእርሻና የንግድ ሚኒስቴር የሰጠው መልስ፣ እኛን የመሰለ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ቢያነበው የሚያፍርበት ነው። በእርሻው ላይ ጉዳት መድረሱ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ገና አልተረጋገጠም፤ ምርመራ እየተደረገ ነው ይላል። በዚያው ወረቀት ላይ ደግሞ፣ የማዕድኑ ባለቤት ዱቄቱን የሚያስቀር መሣሪያ ከጀርመንና ከአሜሪካ ገዝቶ ለመትከል በመዘጋጀት ላይ ነው ይላል። ምክንያቱ ካልታወቀ መሣሪያው ለምን ተገዛ? የዚያን ጊዜው ሚኒስትር ሙትሱ ሙኔሚትሱ ሲሆን፣ ሁለተኛው ልጁ ለፉሩካዋ በጉዲፈቻ ተሰጥቶ ነበር። እኛ ከዝምድናው ይልቅ የሚያሳስበን «ጉዳዩ በመጠናት ላይ ነው» የሚለው ቃል ነው። ይህን ቃል በእጃችን ያልጻፍን ጥቂቶች ነን። ስንጽፈውም ክፉ ማሰባችን አይደለም፤ ፋይሉ ከጠረጴዛችን ተነሥቶ ወደ ሌላ ጠረጴዛ እንዲሄድልን ነው። በዋታራሴ ዳርቻ ግን ፋይሉ በሚዘዋወርበት ጊዜ ሩዙ ይሞት ነበር።

ከዚህ በኋላ ባለሥልጣኖችና ሽማግሌዎች ገቡና ዕርቅ ተባለ። ገበሬው ጥቂት ገንዘብ ይቀበላል፤ በምትኩም መሣሪያው እስኪፈተን ድረስ፣ ማለት እስከ ሰኔ 1896፣ ክስ አያነሣም። ቈይቶም ከቻይና ጋራ ጦርነት በተደረገበት ጊዜ «የዘለዓለም» የተባለ ውል መጣ፤ ወደ ፊት ምንም ዐይነት ጉዳት ቢደርስ አቤት አልልም የሚል ነው። የተቸገረ ሰው ለዛሬ እህል ሲል የነገን አፉን እንደሚሸጥ ከዚህ ውል ይታያል። ወንዙ ግን ውል አያውቅምና በ1896 መስከረም ከቀድሞው ሁሉ የበለጠ ሙላት መጣ።

እንግዲህ የመንደሮቹ ሰዎች ኡንሪዩጂ በተባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ ጽሕፈት ቤት አቋቁመው ተደራጁ። በመጋቢት 1897 ገሣቸውን ለብሰው፣ የሣር ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ በእግራቸው ወደ ቶክዮ ገሠገሡ። የእርሻ ሚኒስትሩ ኤኖሞቶ ታኬአኪ ስፍራውን ሄዶ በዐይኑ ካየ በኋላ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ መንግሥትም መርማሪ ኮሚቴ አቋቋመ። በግንቦት ለማዕድኑ ባለቤት 37 ትእዛዞች ተሰጡት፤ የማጥለያ ኩሬ እንዲሠራ፣ ጢሱን እንዲያጣራ፣ በተቈረጠው ቀን ካልፈጸመ ሥራው እንዲቆም የሚል ነው። ፍርድ እንዳናጓድል፣ ይህ ትእዛዝ ባዶ ወረቀት አልነበረም፤ ኩሬዎቹም ተቈፍረዋል። ሆኖም ጢሱን የማጣራቱ ዘዴ አልሠራም፤ ዝናብ ሲበረታም ኩሬው እየሞላ እጣቢው እንደ ቀድሞው ይወርድ ነበር።

በየካቲት 13 ቀን 1900 በሺሕ የሚቈጠሩ ገበሬዎች እንደ ገና ከኡንሪዩጂ ተነሡ። ካዋማታ ከተባለው ስፍራ ሲደርሱ ፖሊሶች ጠብቀው ደበደቧቸው፤ ብዙዎችንም ያዙ፤ 51 ሰዎች ተከሰሱ። ከአራት ቀን በኋላ ታናካ በምክር ቤት ተነሥቶ፣ ሕዝብን መግደል አገርን መግደል መሆኑን፣ ይህንንም አለማወቅ ራሱ የአገር ጥፋት መሆኑን የሚናገር ጥያቄ አቀረበ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያማጋታ አሪቶሞ የሰጠው መልስ፣ የጥያቄው ፍሬ ነገር ስለማይታወቅ መልስ አንሰጥም የሚል ነበር። የተከሰሱት ሰዎች ነገር ደግሞ በ1902 በአስገራሚ መንገድ አለቀ፤ የክሱ ጽሑፍ በዐቃቤ ሕጉ በራሱ እጅ አልተጻፈም ተብሎ ክሱ ፈረሰ። ስለ ወንዙ በዚያ ፍርድ ውስጥ የተወሰነ ነገር የለም።

ታናካ ከዚህ በኋላ ምክር ቤት አይጠቅመኝም ብሎ በ1901 ጥቅምት የእንደራሴነቱን ሥራ ተወ። በታኅሣሥ 10 ቀን ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ምክር ቤቱን ከፍተው በሠረገላ ሲመለሱ፣ ዕድሜው ወደ 60 የተጠጋው ሽማግሌ የአቤቱታ ወረቀቱን በእጁ ከፍ አድርጎ ወደ ሠረገላው ሮጠ። በአገራችን «ጃንሆይ፣ አቤት!» እያለ በንጉሥ መንገድ ላይ የሚወድቀውን ባላገር ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይመስለውም፤ በዚያን ጊዜ በነበረችው ጃፓን ግን ታላቅ ድፍረት ነበር። ታናካ በጠባቂዎቹ ተይዞ ከሠረገላው ሳይደርስ ቀረ። ወዲያውም አእምሮው የታወከ ሰው ነው ተብሎ ያለ ክስ ተለቀቀ፤ ቢከሰስ ኖሮ አቤቱታው በፍርድ ቤት ይነበብ ነበርና። ወረቀቱን ያረቀቀለት ኮቶኩ ሹሱይ የተባለው ጋዜጠኛ ነው፤ ታናካ ግን አንዳንዱን ቃል በእጁ ሰርዞ፣ በየእርማቱም ላይ ማኅተሙን አትሞ ነበር። ንጉሥ ፊት የሚቀርብ ወረቀት ስሕተት እንዳይኖርበት የሚያደርገውን ይህን ጥንቃቄ ስናይ፣ አእምሮው የታወከ ነው ያሉት ሰዎች ወረቀቱን ማየታቸውን እንጠራጠራለን።

አቤቱታው ከንጉሡ እጅ ባይደርስም ከሕዝቡ ጆሮ ደረሰ። ጋዜጦች አተሙት፤ በመቶ የሚቈጠሩ የቶክዮ ተማሪዎች የተጐዳውን አገር ሄደው አዩ። ኡሺኦዳ ቺሴኮና ሌሎች ሴቶች የርዳታ ማኅበር አቁመው ልብስና እህል ሰበሰቡ፤ ማትሱሞቶ ኤይኮ የተባለችው ጋዜጠኛም የመንደሮቹን ችግር በተከታታይ ጻፈች።

መንግሥት ሁለተኛ ኮሚቴ ሰበሰበ። በ1903 የወጣው ውሳኔ ግን የመርዙን ጥያቄ ወደ ጐርፍ ጥያቄ ለወጠው። ማዕድኑን ስለ መቈጣጠር የሚለው ቀረና፣ ጐርፉ የሚጠራቀምበት ሰፊ ኩሬ ይሠራ ተባለ፤ ለኩሬውም የተመረጠው ስፍራ፣ ተቃውሞው የበረታባት የያናካ መንደር ነበረች። ከ4 መቶ የሚበልጡ ቤተ ሰቦች ይኖሩባት ነበር። ታናካ በ1904 ቤቱን ትቶ ከያናካ ሰዎች ጋራ ሊኖር ገባ። አብዛኞቹ መሬታቸውን እየሸጡ ሄዱ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ በስተሰሜን እጅግ ብርድ በሆነው በሆካይዶ ሰፈሩ። የቀሩትን 16 ቤቶች በ1907 የመንግሥት ሰዎች በኀይል አፈረሷቸው። የዚያን ጊዜው የአገር ግዛት ሚኒስትር ሃራ ታካሺ፣ ከሹመቱ በፊት የፉሩካዋ ማዕድን ኩባንያ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ነው። ቤት የፈረሰባቸው ሰዎች ግን ጐጆ ቀልሰው በዚያው ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ኖሩ።

ታናካ መስከረም 4 ቀን 1913 ከሰው ቤት ተኝቶ ሞተ። ሀብቱን ሁሉ ለዚህ ጉዳይ ጨርሶ ስለ ነበር ትቶት የሄደው አንዲት ከረጢት ብቻ ነች። በውስጧም ሐዲስ ኪዳን፣ ከማቴዎስ ወንጌል ጋራ የተሰፋ ሕገ መንግሥት፣ ያልተጨረሰ ጽሑፍ፣ የዕለት ማስታወሻና ሦስት ጠጠሮች ተገኙ።

ማዕድኑ ከእርሱ በኋላ 60 ዓመት ሠርቷል። በ1958 ጌንጎሮሳዋ ከተባለው ስፍራ የነበረው የእጣቢ ክምር ተደርምሶ እንደ ገና ወደ ወንዙ ገባ፤ ከታች ያሉት የሞሪታ ገበሬዎችም እንደ አባቶቻቸው ተደራጅተው ተነሡ። ጕድጓዱ በ1973 ተዘጋ። በ1974 ኩባንያው በመንግሥት አስታራቂዎች ፊት ጥፋቱ የእርሱ መሆኑን አምኖ ለ971 ገበሬዎች 1.55 ቢሊዮን የን ሊከፍል ተስማማ። ታናካ በምክር ቤት ከጠየቀበት ቀን እስከዚህ እምነት ድረስ 83 ዓመት ይሆናል። ነገሩ በዚህም አላበቃም፤ በመጋቢት 2011 በደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ያው የጌንጎሮሳዋ ክምር እንደ ገና ተንዶ፣ በወንዙ ውሃ ከተፈቀደው መጠን በላይ እርሳስ ተገኝቶበታል። ያናካ የነበረችበት ረግረግ ግን ዛሬ የሸንበቆና የወፎች ስፍራ ሆኖ፣ ከ2012 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ውል ከሚጠበቁት ረግረጎች ተቈጥሯል። በአሺዮ ተራሮች ላይም ፈቃደኞች ሰዎች አፈር በጀርባቸው ተሸክመው እየወጡ ችግኝ ይተክላሉ።

የአቤቱታው ወረቀት ከነእርማቱና ከነማኅተሙ ሳኖ በተባለችው ከተማ ተጠብቆ ኖሯል። በግንቦት 2014 የሜይጂ የልጅ ልጅ ልጅ የሆኑት ንጉሠ ነገሥት አኪሂቶ ከእቴጌይቱ ጋራ ወደዚያች ከተማ መጥተው ነበርና ወረቀቱ ቀረበላቸው፤ ቆመውም ተመለከቱት።