የጉና አፈርና የገበሬው መጥረቢያ

ደጋውን ያራቆተው የገበሬው መጥረቢያ ነው የሚል ፍርድ ለረጅም ዘመን ሲነገር ኖሯል። የደብረ ታቦርና የአካባቢዋ ታሪክ ግን ፍርዱ ጎደሎ መሆኑን ይመሰክራል።

ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ኋላም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በደብረ ታቦር በከተሙባቸው ዘመናት የሠራዊቱ ማገዶ፣ የድንኳኑ ካስማና የአዳራሹ ምሰሶ የሚቆረጠው ከዙሪያው ደን ነበር። በ1859 ዓ.ም. በጋፋት ሴባስቶፖል የተሰኘው ታላቅ መድፍ ሲሠራም ማቅለጫው የሚነደው በአገሩ እንጨት ነበር። ከእርሻው ፍሬ ለጉልተኛና ለጭፍራ ይከፍል የነበረው ገበሬ ደግሞ ልጆቹን ለማብላት ሞፈሩን ተሸክሞ ወደ ዳገቱ ወጣ።

የዚህ ታሪክ ዕዳ ዛሬም እየተከፈለ ነው። ቁመቱ ከ4000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጉና ተራራ የሚወርዱት ርብና ጉማራ የተራቆተውን አፈር ጠርገው ወደ ጣና ያግዛሉ፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምትም ሞልተው የፎገራን ሜዳ አጥለቅልቀዋል። በዚህ ላይ ባለኢንዱስትሪ አገሮች ከሁለት መቶ ዓመት ወዲህ ወደ ሰማይ የለቀቁት ጭስ የምድርን ሙቀት አንሮ የዝናቡን ጠባይ እያናጋ ነው። ፋብሪካ በደጁ ያላየ የጉና ገብስ ዘሪ ያልተበደረውን ዕዳ እየከፈለ ነው ማለት ነው።

ይህ ገበሬ የዛፍ ጠላት አለመሆኑን አድባራቱ ያስረዳሉ። በደቡብ ጎንደር በብዙ መቶ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ጽዱና ወይራው ለዛሬ የደረሰው የአጥቢያው ሕዝብ የእኔ ብሎ ስለ ጠበቀው ነው። መምህሩም ሆነ የኪነት ሰው ስለ ደን ሲያስተምር ገበሬውን ከመክሰሱ በፊት ይህን ምስክር ሊያዳምጥ ይገባዋል።