ቢላዋ የደበቀችው እናት

በእጃጂ በማኅበራችን የቡና ሰዓት አንዲት እናት ቢላዋ የምትደብቅበትን ምክንያት ነገረችን። «ልጄን ብወጋውስ?» የሚል ሐሳብ ይመጣባታል። ይበልጥ ያስጨነቃት ግን «ክፉ እናት እሆን?» የሚለው ነበር።

ጭንቀቱ የቆየ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን ቡንያን «ክርስቶስን ሽጠው» በሚል ሐሳብ ተሠቃይቷል። እ.ኤ.አ. በ1978 ራክማንና ዴ ሲልቫ እንዲህ ያለ ሐሳብ በጤነኞችም ላይ እንደሚመጣ አሳዩ። በ2013 አርደማና ባልደረቦቹ «ልሆነው የምፈራው ማንነት» የሚያሳድረውን ፍርሃት የሚለካ መጠይቅ አወጡ። ሐሳቡን ሕመም የሚያደርገው ይህ ፍርሃት ነው ይላሉ።

በአገራችን ለረጅም ዘመን የአእምሮ ሕክምና ማለት አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ነበር። በኋላ የሠለጠኑ ነርሶች ወደ ክፍለ ሀገር ወጡ።

እህታችንን ብቻዋን አልተውናትም፤ አብረናት ወደ ሕክምና ሄድን። ቢላዋውን ያስደበቃት ክፋት ሳይሆን ለልጇ ያላት ፍቅር እንደሆነ ዛሬ እሷም ታውቃለች።