ብራናና ሞፈር በሐይቅና በአምባሰል

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው ጐዳና ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው የሐይቅን ውኃ፣ ቀድሞ ደሴት የነበረውን ዛሬ ግን ከየብስ ጋር የተያያዘውንም የእስጢፋኖስን ገዳም ያገኛል። በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ምንኵስናን የተማሩት አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ገደማ ይህን ቦታ መካነ ትምህርት ካደረጉት ወዲህ፣ እነ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው እንደ ተማሩ፣ አበምኔቶቹም ዐቃቤ ሰዓት ተብለው በነገሥታት ዘንድ እንደ ተከበሩ በገድልም በታሪክም ተጽፏል፤ ያን ሁሉ ጽሕፈት የተሸከመው ብራና በማን እጅ እንደ ተፋቀ ግን የሚናገር መጽሐፍ እምብዛም አይገኝም።

በገዳሙ ከሚጠበቁት ንዋያት ሁሉ የሚልቀው፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1280/81 የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞአ አራቱ ወንጌል ነው። የሃይማኖት ሰው ቃሉን፣ የታሪክ ሰው በባዶ ገጹ የተመዘገበውን ሲመረምር፣ እኔ ቈዳውን ማሰብ እወዳለሁ። ቈዳው በውኃ ተዘፍዝፎ፣ በእንጨት ማዕቀፍ ላይ በጠፍር ተወጥሮ፣ ሥጋውና ስቡ በስለት ተፍቆ፣ ጠጕሩ ተላጭቶ፣ በሻካራ ድንጋይ ታሽቶ በፀሐይ ይደርቃል፤ ቀለሙ ከድስትና ከምጣድ ሥር ከተለቀመ ጥላሸት ይበጠበጣል፤ ብዕሩ ከሸምበቆ ይቀረጻል። እንግዲህ ያ ቅዱስ መጽሐፍ ከባላገር በረት፣ ከማእድ ቤት ጢስና ከወንዝ ዳር የተገኘ የገጠር ጥበበ እድ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1520ዎቹ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ አልቫሬዝ፣ መነኮሳቱ በቄጠማ በታሰረና በአራት ታላላቅ ቅሎች በተደገፈ ታንኳ እንደሚመላለሱ፣ በደሴቱም ሎሚና ትርንጎ እንደሚበቅል ጽፏል። ብዙም ሳይቈይ የኢማም አሕመድ ሠራዊት ገዳሙን ዘረፈ፤ ወንጌሉ ግን ተረፈ። የቄጠማው ታንኳ ግን እንደ ወንጌሉ አይደለም፤ በስባሽ ነውና በዕቃ ቤት ተቈልፎ አይኖርም፤ አባት ሲያስር ልጅ ካላየ ሙያው ከአባት ጋር ይቀበራል።

ጎረቤቱ አምባሰልም ቢሆን ጃንጥራር በተባሉት ገዦቹ፣ በግሸን ማርያምና በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል ሲነሣ፣ ሞፈርና ቀንበሩን ጠርቦ፣ ድግሩን በወገል አጥብቆ ተረተሩን ያረሰው ገበሬ ይዘነጋል። ከገበሬውም ይልቅ የተበደለው፣ ማረሻውን በፍም አግሎ የሚቀጠቅጥለት ባለ እጅ ነው፤ እህሉን ሁሉ በእርሱ ብረት እያመረቱ ጠይብ፣ ቡዳ እያሉ ሲሰድቡት ኖረዋልና። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ይህን ስድብ በዐዋጅ ከለከሉ፤ ይሁን እንጂ ዐዋጅ የሰውን ልብ ቶሎ አይለውጥም፣ ንቀቱም ከእርሳቸው በኋላ ብዙ ዘመን ቈየ።

ስለዚህ ይህ የተዘነጋ የእጅ ሙያ እንዳይጠፋ ለሐይቅና ለአምባሰል ገጠር ኑሮ ቤተ መዘክር ሊቆም ይገባል፤ እርሱም ከገዳሙ ውጭ፣ በሐይቅ ከተማ ይሁን እላለሁ። ገዳሙ በጥንታዊ ሥርዐቱ ሴት አያስገባም፤ ሥርዐቱም ይከበር። ዳሩ ግን ባዘቶውን በእንዝርት የምትፈትል፣ እንስራውንና ጀበናውን የምትሠራ፣ መሶቡን በስንደዶና በአክርማ የምትሰፋ ሴት ናት። የእጇ ሥራ የሚታይበት ቤት ደጃፉ ለእርስዋ ክፍት ሆኖ፣ አክርማው በምን ቀለም እንደሚነከር፣ ሸክላው ሳይሰነጠቅ እንዴት እንደሚተኰስ ለተማሪዎች የምታስረዳው እርስዋ ራሷ፣ ለድካሟም ደመወዝ ተቈርጦላት ልትሆን ይገባል።